ከጀፎረ እስከ መርካቶ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ ባዕድ አገር ሲገባ ኑሮውን የሚለምደው በግል ብርታቱ ብቻ አይደለም፤ የለቀቀው መንደርና የገባበት ከተማ ሁለቱም መልክ ይሰጡታል። ለዚህም ጉራጌ ወደ አዲስ አበባ ያደረገው ፍልሰት ምስክር ነው።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ የሐሰን እንጃሞ ተጋድሎ ከተሸነፈና ጉራጌ ምድር በምኒልክ ግዛት ሥር ከዋለ በኋላ፣ ገባሩ ግብሩን ለመክፈል ጥሬ ገንዘብ ያሻው ጀመር። እንሰት ቤተሰብ ይመግባል እንጂ ብር በቀላሉ አያስገኝም፤ መሬቱም ለሕዝቡ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ጎልማሳው ጓሮውን ለሚስቱና ለሽማግሌዎች ትቶ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው ከተማ በእግሩ ተጓዘ።

በገጠር ዳኛው ቅርብ ነው። ቤቱ ሁሉ ሰፊውን ጀፎረ ይዞ ስለሚሠራ የማንም ሥራ ተሰውሮ አይቀርም፤ በሰባት ቤትም ከባዱ ክርክር በየጆካ ሸንጎ በቂጫ ሕግ ይዳኛል። የጣሊያን ወራሪ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን የሐበሻውን ገበያ ከአራዳ ነጥሎ ባቋቋመው መርካቶ ግን መጤውን የሚያውቀው አልነበረም። ተሸካሚው ስሙ ተረስቶ በብሔረሰቡ መጠሪያ ይጠራ፣ አነጋገሩም መሳለቂያ ይሆን ነበር። ስሙን ለውጦ ያደረም አለ።

ይሁን እንጂ መጤው የመንደሩን ዳኛ በልቡ ይዞ መጥቶ ነበርና ከአገሩ ልጆች ጋር ዕቁብ ጣለ። ዕቁብ ደርሶት የሚከዳ ሰው ዋሱን ብቻ አያዋርድም፤ ለመስቀል ወይም ለዓረፋ አገሩ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ጀፎረው ላይ ይጠብቀዋል። የገጠሩ እፍረት የከተማው መተማመኛ ሆነ። ተሸካሚው ቸርቻሪ፣ ቸርቻሪውም ባለሱቅ ለመሆን የበቃው በዚህ ጭምር ነው።

ከተማው በተራው ገጠሩን ለወጠ። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ጉራጌዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ አሠሩ። በጅማ መንገድ ያለችው ወልቂጤና በሶዶ መንገድ ያለችው ቡታጅራ የገጠሩን ገበያ ከመርካቶ የሚያገናኙ መሸጋገሪያዎች ሆኑ።

ባለሱቁ እስኪቋቋም ድረስ እንሰቱን እየፋቀች፣ ልጆቹን እያሳደገች የባሏን ስም በጀፎረው ያቆየች ሴት ነበረች። ይህን ታሪክ በመድረክ ወይም በልብ ወለድ የሚያቀርብ ደራሲ ባንኮኒውን ብቻ ቢያሳይ፣ የታሪኩን ግማሽ ከመጋረጃው ጀርባ ይተዋል።