አስቸጋሪው ንባብ በቢቸናና በሞጣ

ዓባይ በሰሜንና በምሥራቅ ዞሮ በከበበው በጎጃም ምድር፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ በተዘረጋው ደጋ ላይ፣ ደብረ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም፣ እንዲሁም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል እንደ ተከሉት የሚነገርለት ሞጣ ጊዮርጊስ፣ ለትምህርት ከየአገሩ ለሚሰደደው ተማሪ ማረፊያ ሆነው ኖረዋል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት መካከል ደብረ ወርቅና ዲማ ይገኛሉ። የእነዚህ አድባራት ዜማና ቅኔ ብዙ ጊዜ ተወስቷል፤ እኔ ግን ላነሣው የወደድሁት፣ ለወጣት አእምሮ የሚከብደውን የመጽሐፍ ቃል እንዴት ያስተምሩ እንደ ነበር ነው።

ለዚያ አገር ልጅ አስቸጋሪ ንባብ ማለት በሩቅ እስክንድርያ አርዮስና አትናቴዎስ የተከራከሩበት ብቻ አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት ትተው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት በዐዋጅ ከመለሱ በኋላ፣ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ የተነሣው ክርክር በሊቃውንቱ መካከል ሳይበርድ ቆይቶ፣ ስለ ናዝሬቱ ኢየሱስ በመንፈስ ቅዱስ መቀባት የሚናገረው የግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 የብዙ ጉባኤ መፈተኛ ሆነ። አንዱ ወገን ሥጋ በተዋሕዶ ከበረ ሲል ሌላው በቅብዐት ከበረ አለ፤ ይህም ሁለተኛው ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው በጎጃም፣ በተለይም በምሥራቁ ክፍል ነበር። በጎንደር ነገሥታት ፊት በዚህ ነገር ብዙ ጉባኤ ተደረገ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የተዋሕዶን ትምህርት አጸኑ፤ ነገር ግን የአያቶች ክርክር በልጅ ልጆች ጆሮ መሰማቱ አልቀረም።

ልጁ ከፊደል በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን በግዕዝ ያነብባል። በመዝሙር 44 ያለውን፣ ያንኑ የመቀባት ነገር የሚያነሣውን ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ በአፉ ያመላልሰዋል፤ ማንም ግን ያን ጊዜ ምሥጢሩን አይጭንበትም። ከዚያ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ ቤት ይገባል፤ ግስ ያጠናል፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ይደርሳል፣ ሰሙን ከወርቁ መለየትም ይለምዳል። ቅኔ ከመጻሕፍት ትርጓሜ አስቀድሞ መሰጠቱ በእኔ አስተያየት የዚህ ሥርዐት ትልቁ ጥበብ ነው፤ አንድ ቃል በላይ የሚታይና በውስጡ የተሰወረ ነገር ሊሸከም እንደሚችል ራሱ ሞክሮ ያላየ ወጣት፣ ከባድ ጥቅስ ባጋጠመው ቀን ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ሳይመረምር ይፈርዳልና።

መጻሕፍት ቤት ከገባ በኋላ አንዱ ተማሪ ግዕዙን ያነብባል፣ የኔታ በአማርኛ ይተረጕማሉ፤ አንድም ብለው ሁለተኛውን፣ አንድም ብለው ሦስተኛውን ያወርዳሉ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ቁጥር 32 ወልድ ያችን ቀን እንደማያውቃት ከተጻፈው ቃል ሲደርሱ፣ ጥያቄው ከተማሪው አፍ እስኪወጣ አይጠብቁም፤ አርዮስ ይህን ይዞ ምን እንዳለ ራሳቸው ያቀርባሉ፤ ከዚያም ከሌላ ክፍል ምስክር አምጥተው፣ ቃሉ የተነገረበትን ምክንያት ለይተው ይመልሳሉ። ተማሪውም ማታ በጎጆው ከባልንጀራው ጋር ጥያቄውንም መልሱንም ይከልሳል። ወጣቱን ከጥያቄ መሰወር ሳይሆን ከመምህሩ ጋር ሆኖ ጥያቄውን እንዲያገኘው ማድረግ ነበር ዐላማው፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ እስከ ዛሬ አላየሁም።

የአራቱ ወንጌላት አንድምታ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከታተመ ወዲህ፣ በየኔታ ቃል ብቻ ይሰማ የነበረው ትርጓሜ አማርኛ ለሚያነብ ሁሉ ቀረበ። ይህ ታላቅ በጎ ነገር ነው፤ ሆኖም የታተመው መጽሐፍ የቅኔ ቤቱን የዓመታት ዝግጅት አብሮ ሊሰጥ አይችልም።

ስለዚህ ዛሬ በቢቸናና በሞጣ፣ በሌላውም አገር በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከባዱን ጥቅስ አትዝለሉት። ወጣቱ ሲጠይቃችሁ አትመራመር ብላችሁ አታሳፍሩት፤ ጥያቄውን ሳታሳንሱ ተቀበሉት፣ መልሱን ካላገኛችሁለትም በአቅራቢያችሁ ወዳለው መጻሕፍት ቤት፣ ወደ የኔታ ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ።