ዝናቡ ሲያባራ የሚጀምረው አደጋ፤ የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የበጋ አየር

በሰኔ ወር እኛ አገር ክረምት ሲገባ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚገባው በጋ ነው። ይህ የወቅት መገላበጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ብዙም የማይታወቀው ግን የዋሽንግተን ዲሲ፣ የሜሪላንድና የሰሜን ቨርጂኒያ በጋ እንደ አዲስ አበባ በጋ ደረቅና ሌሊቱ ቀዝቃዛ አለመሆኑ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመጠየቅ፣ በምርቃት ለመገኘት ወይም አራስ ለማረስ ወደዚያ የሚጓዙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ወቅት ነው። “በጋ ስለሆነ ብርድ አያገኛችሁም” የሚለው የተለመደ ምክር ትክክል ቢሆንም የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው በቀረው ግማሽ ላይ ይሆናል።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እናነጻጽር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በሐምሌ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ዋሽንግተን በአንጻሩ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። በጁላይ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ 22 እና 23 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር የዋሽንግተን የሐምሌ ሌሊት ከአዲስ አበባ የሐምሌ ቀትር ይሞቃል ማለት ነው። ሰውነት ቀን የዋለበትን ሙቀት የሚያወጣው ሌሊት በመሆኑ፣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ድካሙ በየቀኑ እየተደራረበ ይሄዳል።

ማዕበልና ወበቅ ለምን ይከታተላሉ?

በሜይና በጁን ወራት አካባቢው በነጎድጓድ፣ በመብረቅና በኃይለኛ ነፋስ ይናጣል። ለዚህ ምክንያቱ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ከአትላንቲክ ከሚነሳው ሞቃትና እርጥብ አየር ጋር መጋጨቱ ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ ከፍተኛ የአየር ግፊት አካባቢውን ይሸፍነዋል። በዚህ ግፊት ሥር አየሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ደግሞ ይሞቃል። ደመናው ይገፈፋል፣ ፀሐይዋም መሬቱን ያለ ከልካይ ታግለዋለች። ቀደም ሲል በዝናብ የራሰው አፈርና ለምለሙ ተክል ውኃውን በትነት መልሰው ስለሚሰጡ፣ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ተዳምሮ እኛ ወበቅ የምንለውን ይፈጥራል።

የወበቁን ክብደት ቴርሞሜትሩ ብቻውን አይናገርም። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ሲሆን፣ አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ግን ላቡ ቆዳ ላይ ይቀራል እንጂ አይተንም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ 32 ዲግሪ ሙቀት እርጥበቱ 40 በመቶ ሲሆን 33 ዲግሪ ያህል ይሰማል። እርጥበቱ 70 በመቶ ሲደርስ ግን ያው 32 ዲግሪ እንደ 41 ዲግሪ ይሰማል። ይህም በጥላ ሥር ሲሆን፣ ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው ከዚህም ይብሳል።

የ2012 ትምህርት

ለአብነት ያህል እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 (ሰኔ 22 ቀን 2004 ዓ.ም.) የሆነውን እንመልከት። በዚያን ዕለት በዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የተመዘገበው ሙቀት 104 ፋረንሃይት፣ ማለትም 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ማምሻውን “ዴሬቾ” በመባል የሚታወቀው፣ ቀጥ ብሎ ረጅም ርቀት የሚጓዝ የነፋስና የነጎድጓድ ማዕበል ከመካከለኛው ምዕራብ ተነሥቶ አትላንቲክ ዳርቻ ደረሰ። ዛፎችን ገንድሶ፣ የኤሌክትሪክ መስመሮችን በጥሶ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ጣለ። በሰሜን ቨርጂኒያ የ911 የድንገተኛ ጥሪ አገልግሎት ጭምር ተስተጓጎለ።

ማዕበሉ አለፈ፣ ሙቀቱ ግን አብሮት አልሄደም። በዋሽንግተን ከጁን 28 ጀምሮ ለ11 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆነ። በአንዳንድ ሰፈሮች መብራት ሳይመለስ እስከ አንድ ሳምንት ቆየ። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ በኋላ ባወጣው ግምገማ፣ ማዕበሉ ባለፈባቸው ግዛቶች ሁሉ በነፋሱ በቀጥታ የሞቱት 13 ሰዎች ሲሆኑ፣ መብራት በተቋረጠባቸው አካባቢዎች በሙቀቱ ሳቢያ የሞቱት ግን 34 ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 “ቤረል” የተባለው አውሎ ነፋስ በቴክሳስ ሂውስተንን በመታ ጊዜም ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጥተው በጽኑ ሙቀት ውስጥ ከርመዋል። ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ ጎረቤት “ተመስገን፣ አለፈ” ሲል፣ ብዙ ሰው የሚገድለው ክፍል ገና ሊጀምር ይችላል።

የማስጠንቀቂያዎቹ ትርጉም

በስልክ የሚደርሱት መልእክቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። “ኤክስትሪም ሂት ዎች” አደገኛ ሙቀት በሚቀጥሉት ቀናት ሊመጣ ስለሚችል ተዘጋጁ ማለት ነው። “ሂት አድቫይዘሪ” ሙቀቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ደረጃ ላይ መድረሱን ያመለክታል። “ኤክስትሪም ሂት ዋርኒንግ” ከሁሉም የከፋውና ለሕይወት የሚያሰጋው ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ “ኤክሰሲቭ ሂት” በሚል ስያሜ ይወጡ ነበር።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መብራት ከጠፋ አረጋውያንና ሕፃናትን በሙቅ ቤት ውስጥ ማቆየት አይገባም። መብራት ያለው ዘመድ ቤት፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም አስተዳደሮቹ የሚከፍቷቸው “ኩሊንግ ሴንተር” የተባሉ ማቀዝቀዣ ቦታዎች መውሰድ ይሻላል። ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ በቬንትሌተር ብቻ መተማመን አደገኛ ነው፤ ሞቃት አየር መልሶ ሰውነትን ያሞቃልና።

ሁለተኛ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ በተለይ ሽንት የሚያሸኑት፣ ሰውነት ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሱታል። ከጉዞ በፊት ሐኪም ማማከር እንጂ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም። ኢንሱሊን የሚጠቀም ሰውም መብራት ቢጠፋ መድኃኒቱን የት እንደሚያቀዘቅዝ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሦስተኛ፣ የሰኔና የፍልሰታ ጾም በዚሁ ወቅት ይውላሉ። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት በአዲስ አበባ የሚቻል ቢሆንም፣ በዋሽንግተን የቀኑ ሙቀት የሚበረታው በዚያው ሰዓት ገደማ ነው። አረጋውያንና ሕሙማን ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው።

አራተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ቡና ለማፍላት ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ወይም ጄኔሬተር ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት በጭስ መታፈንን ያስከትላል። በቆመ መኪና ውስጥም ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 11 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ስለሚችል፣ ልጅን “ቶሎ እመለሳለሁ” ብሎ መተው ፈጽሞ አይገባም።

በመጨረሻም ምልክቶቹን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የሙቀት ድካም ምልክቶች ናቸው። ሰውየውን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዶ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ይበቃል፤ ካልተሻለው ሐኪም ያስፈልገዋል። ንግግሩ ከተምታታ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ግን ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱ ያለማመንታት ወደ 911 መደወል ነው። ማዕበል ባለፈ ማግስትም ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ስልክ መደወልና ካላነሱ ሄዶ በራቸውን ማንኳኳት ያስፈልጋል። በ2012 የ911 ስልክ እንኳ የተስተጓጎለበት ቦታ ነበርና።