ተንሸራታች የተሳቢ መያዣ
ብረት፤ ለፒካፕ መኪና የተሠራ፤ አሜሪካ

በእንግሊዝኛ «አምስተኛ ጎማ» ይባላል፤ ጎማ ግን አይደለም። ስሙን የወረሰው ከፈረስ ሠረገላ ነው፦ የፊት ጎማዎቹ እንዲታጠፉ ከአክሰሉ በላይ ተጋድሞ ከሚዞረው የብረት ቀለበት።

የተሳቢው 2 ኢንች ውፍረት ያለው ፒን በመያዣው መንጋጋ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። የፒካፑ የጭነት ሳጥን አጭር ከሆነ ግን፣ ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጠፍ የተሳቢው ጥግ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሊመታ ይችላል። መንሸራተቻው የመጣው ለዚህ ነው። ሹፌሩ ለጥ ባለ መሬት ላይ የተሳቢውን ጎማ በታኮ ያግዳል፣ የተሳቢውን ፍሬን ይይዛል፣ በጎን ያለውን ማንሻ ይስባል፤ ከዚያ መኪናውን በዝግታ ወደ ፊት ይነዳል። መያዣው በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይቆለፋል፤ ክፍተቱም ይሰፋል። ታኮው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዲዱ ላይ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ልብ ይበሉ።

ክፉው ስህተት መያዣውን ሳይመልሱ አውራ ጎዳና መውጣት ነው። ሸክሙ ከኋላ አክሰል ጀርባ ስለሚያርፍ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪው በደንብ አይታዘዝም። ስለዚህ ሹፌሩ ወደ ፊት ከመለሰው በኋላ ወርዶ የመቆለፊያው ፒን ቀዳዳው ውስጥ እስከ መጨረሻ መግባቱን ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ያያል።