በቃልና በስሌት፤ የእንቆቅልሽ ሁለት ጐዳናዎች

እንቆቅልሽ በዐማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የልጆች የማታ ጨዋታ ተደርጎ ይቈጠራል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂውም «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይቀበላል። ሁለቱም ወንዶች ልጆች ቢሆኑ እንኳ መግቢያው በአንስታይ ጾታ እንደ ተነገረ ይኖራል እንጂ አይለወጥም። ተጠያቂው መልሱን ያጣ እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ከሰጠ በኋላ ጠያቂው በተሰጠው አገር እንዴት እንደ ተንደላቀቀ እየፎከረ፣ ተሸናፊውንም እየተረበ መልሱን ይገልጣል። ባለማወቅ የሚከፈለው ዕዳ ገንዘብ ሳይሆን አገር መሆኑ የሹመትንና የጉልትን ሥርዐት ያስታውሳል፤ ልጆቹ በምድጃ ዳር የሚጫወቱት የታላላቆቹን ነገር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ነገር ግን በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ጥያቄዎች ጠባያቸው አንድ አይደለም። ብዙዎቹ አንዱን ነገር በሌላ መስለው ያቀርባሉ፤ ብራናን በነጭ ማሳ፣ ፊደልን በጥቁር ዘር እንደሚመስሉት ያሉ ናቸው። እነዚህ ለጊዜው ይቈዩ። የሰሚውን አሳብ ሆን ብለው ወደ ሐሰተኛ መንገድ የሚመሩት፣ መልሳቸውም ካልተጠበቀው ወገን የሚመጣው ግን በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው የሚያታልለው በቃል ነው፣ ሁለተኛው በስሌት ነው። ይህን ልዩነት አለማስተዋል በታሪክ ጥናት ላይ ስሕተት ያመጣል፤ የአንድ እንቆቅልሽ ምንጭ ከወዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሁለቱ የሚሰጡት ምስክርነት እኩል አይደለምና።

በቃል የሚያታልለው እንቆቅልሽ የቅርብ ዘመዱ ቅኔ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ፣ አንድ ቃል ሁለት ፍች የሚሸከምበትን ኅብር፣ ቃልም ተሰንጥቆ ሌላ ነገር የሚወጣበትን ሠረዝ እየለየ ይማራል። ቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጠው ሰውም በመንደሩ ጨዋታ በዚያው ብልሃት ይጠቀማል። «ከአንበሳ ዋሻ ማን ደፍሮ ገባ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፣ ሰሚው አዳኙንና ጀግናውን እየቈጠረ ይደክማል፤ መልሱ ግን ከጥያቄው ውስጥ ነው፤ የገባው ማንደፍሮ የሚባል ሰው ነው። ጥያቄ መስሎ የተሰማው ነገር ወሬ ነበረ። ይህ እንቆቅልሽ በጆሮ እንጂ በዓይን አይሠራም። በጥንቱ አጻጻፍ በየቃሉ መካከል የሚገቡት ሁለት ነጥቦች «ማን» ከሚለው ቃል በኋላ ቢገቡ ጥያቄ ብቻ ይሆናል፤ ባይገቡ መልሱ ተገልጦ ይነበባል። ጸሐፊው እጁን ባነሣ ጊዜ እንቆቅልሹ ሞተ ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ በብራናና በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነው። የግእዝ ፊደል የቃልን መጥበቅና መላላት አያመለክትም። «በግ ይበላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ላልቶ ሲነበብ በጉ ሣር በላተኛ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በጉ ራሱ ለገበታ የቀረበ ነው። «በሬ ተከፍቶ አደረ» ቢባልም እንዲሁ ነው፤ የሚታረሰውን በሬ የሚያስብ አንባቢ ይደናገራል፤ የተከፈተው የተናጋሪው የገዛ በሩ ነውና። «ሰፊ» የሚለውም ቃል ላልቶ ልብስ የሚሰፋው፣ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነው ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ በአፍ ሊቀርብ አይችልም፤ ጠያቂው አፉን ሲከፍት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በቃል የሚያታልለው ወገን ራሱ፣ የጆሮና የዓይን ተብሎ እንደ ገና ይከፈላል።

ሰዋስውም ብቻውን ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በጨዋታ አዋቂነታቸው ስማቸው የገነነው አለቃ ገብረ ሐና፣ አህያ እየነዳ የሚሄድ መንገደኛ አግኝተው «እንደምን አደራችሁ» አሉት ተብሎ ይነገራል። ለአንድ ሰው «አደርህ» ወይም በአክብሮት «አደሩ» ይባላል እንጂ «አደራችሁ» አይባልም፤ ሰላምታው እንስሳውንም ጨምሮአል። ለብዙዎች የሚነገረው ቃል ለአንዱም የአክብሮት ቃል በሆነበት ቋንቋ፣ ለምሳሌ በፈረንሳይኛ፣ ይህ ቀልድ ቢተረጐም ተራ ሰላምታ ሆኖ ይቀራል። በቃል የሚያታልል ጨዋታ የትውልድ አገሩን የሚመሰክረው በዚህ ነው፤ ከቋንቋው ድንበር አልፎ መሄድ አይችልም።

በስሌት የሚያታልለው ግን ያለ ስንቅ ይጓዛል። ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን ይዞ ወንዝ ስለሚሻገረው ሰው የሚነገረው ጥያቄ፣ እ.ኤ.አ. በ804 ለሞተው፣ በሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ያስተምር ለነበረው ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለአልኩዊን በሚሰጠው የላቲን መድበል ውስጥ ይገኛል። መድበሉ የወጣቶችን አእምሮ ለመሳል የተዘጋጁ ከ50 የሚበልጡ ጥያቄዎችን ይዞአል። ታንኳው ከሰውዬው በቀር የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው፤ ተኩላው ከፍየሉ፣ ፍየሉም ከጎመኑ ጋራ ብቻቸውን ሊቀሩ አይገባም። ሰሚውን የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው፤ አንዴ ያሻገሩትን ፍየል መልሶ ማምጣት እንደ ኪሳራ ይታየዋል። ይህን የደፈረ ሰው በ7 ጉዞ ይጨርሳል። ይኸው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሲነገር ተኩላው ለነብር ወይም ለጅብ ስፍራውን ይለቃል፣ ጎመኑም ቅጠል ይሆናል፤ ስሌቱ ግን አይነካም። እንስሳቱ ያገር ልጆች ስለ ሆኑ ብቻ ጥያቄው ከዚህ ተወለደ ማለት አይቻልም፤ ከውጭ መጣ ለማለትም ማስረጃ አይሆንም።

በዚህ ወገን የአገር ጠባይ የሚታየው ከጥያቄው ይልቅ በመልሱ ነው። ስሚዝና ዴል ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር ስለሚኖረው ስለ ኢላ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ የሚገኘው አነጋገር ለዚህ የተሻለ ምስክር የለውም። በዚያ ሰውዬው የያዘው ነብር፣ ፍየል፣ አይጥና አንድ ቅርጫት እህል ነው፤ ታንኳው አሁንም የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ፍየሉን ቢወስድ አይጥና እህል ይገናኛሉ፤ እህሉን ቢወስድ ነብርና ፍየል ይቀራሉ፤ ሌላውን ቢወስድ የባሰ ነው። በስሌት መውጫ የለውም። ሰውዬውም አንዱን ጥሎ ለመሄድ ካሰበ በኋላ፣ ሁሉም እንደ ልጆቹ ስለ ሆኑ ሳይሻገር እዚያው ይቀራል። የላቲኑ መምህር ይህን መልስ እንደ ሽንፈት ይቈጥረው ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ ለኢላ ሰው ግን ትክክለኛው መልስ እርሱ ነው።

ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው እንደ መጣች በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ተጽፎአል፤ ጥያቄዎቹ ግን አልተጻፉም። ይህን ባዶ ስፍራ እያንዳንዱ ሕዝብ በየራሱ ብልሃት ሞላው። በአይሁድ ትርጓሜ አንድ ዐይነት ልብስ የለበሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ቀርበው ለይ ሲባል፣ ሰሎሞን ቈሎና ለውዝ በትኖ በአሰባሰባቸው ለያቸው። በ14ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ግን ፈታኙን ንጉሡን አደረገው፤ የፈተነውም በጥያቄ ሳይሆን በመሐላ ነው። ንግሥቲቱ ከቤቱ ምንም በግድ እንዳትወስድ ማለች፤ ቅመም የበዛበት ምግብ አጥምቶአት በሌሊት ውሃ ጠጣች፤ እጅዋም ተያዘ። «ምንም» የሚለው ቃል ውሃንም ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ክርክሩ ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ሌሊትም የአንድ ሥርወ መንግሥት ትውልድ ተቈጠረ። በቃልና በስሌት የሚያታልሉት ሁለቱ ወገኖች እንዲህ የተጋጠሙበት ታሪክ ጥቂት ነው።

በቃል ላይ መቆም በኋላም ዘመን ብዙ ነገር አስከፍሎአል። «በላ ልበልሃ» በሚባለው የአደባባይ ሙግት ተከራካሪዎች ርስታቸውን የሚያስከብሩት በምሳሌ፣ በግጥምና በድንገተኛ ጥያቄ ነበረ፤ አንደበተ ርቱዑ ባላጋራውን በገዛ ቃሉ ይይዘው ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስና መልስ በጽሑፍ እንዲቀርቡ ካዘዘ ወዲህ፣ የጆሮ የነበረው ብልሃት ወደ ዓይን ተዛወረ። በዚያው በ1958 ዓ.ም. ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የሚጠብቁ ፊደላትን በምልክት ለይተው አሳዩ። እንቆቅልሽ የሚሰበስብ ሰው ይህን ምልክት ቢጠቀም «በግ ይበላል» የሚለው ጥያቄነቱ ይቀራል፤ ባይጠቀም ደግሞ በአፍ ተጠይቆ የማያውቅ እንቆቅልሽ ከሰማቸው ጋራ ተቀላቅሎ በመዝገቡ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ፣ የተገኘው ከአንደበት ነው ወይስ ከጽሑፍ የሚለው መጻፍ ይኖርበታል።