ከሺህ አንዱ ማን ይሁን?



የመምህርነት ሙያ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዓመታዊ የትምህርት ዕቅድ ሲወጣ ከባዱ ሥራ የሚያስተምሩትን ማግኘት ሳይሆን የሚተዉትን መለየት ነው። ሳምንታቱ የተቆጠሩ ናቸው፤ ክፍለ ጊዜውም የተወሰነ ነው። ዕውቀት ግን ወሰን የለውም። ስለዚህ አስተማሪ ወደደም ጠላም መራጭ ነው። ዛሬ የምናነሣው ይኸው ምርጫ ከአንድ ክፍል አልፎ በዓለም ደረጃ ሲካሄድ ምን እንደሚመስል ነው። ይኸውም መዝገበ ዕውቀት፣ ፈረንጆቹ ኢንሳይክሎፔዲያ የሚሉት፣ ሲዘጋጅ «ዋናው ጉዳይ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው ማን ነው? ሥልጣኑንስ ከየት አገኘው?

ሀ. ደመወዝ ያልጠየቀው ጸሐፊ

በፈረንሣይ አገር ዴኒ ዲድሮና ዣን ዳላምቤር የመሩት ታላቁ መዝገበ ዕውቀት መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1751 ነው። እስከ 1772 ድረስ 17 የጽሑፍና 11 የሥዕል ጥራዞች ወጡ። ከ140 የሚበልጡ ሰዎች ተሳተፉበት፤ ወደ 72,000 የሚጠጉ ርእሶችም ነበሩት።

ዲድሮ የቢላዋ ሠሪ ልጅ ነበር። በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ የእጅ ሥራ የተናቀ ሲሆን፣ እሱ ግን የሸማኔውንና የአንጥረኛውን ጥበብ ከፍልስፍናና ከሕግ ጎን አስቀመጠው። ስለ ካልሲ መሥሪያ መኪና ራሱ ረዥም ጽሑፍ ጻፈ። አዘጋጆቹ ባለሙያዎችን በየሥራ ቤታቸው ጠየቁ፤ መሣሪያዎቻቸውንም በሥዕል አስነሡ። ርእሶቹ በፊደል ተራ ስለተደረደሩም ንጉሡ ከቅርጫት ሠሪው የሚቀድመው ወይም የሚከተለው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ሆነ። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በአገራችን በምን ዓይን ይታዩ እንደነበር ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ መገመት አያዳግትም።

በእርግጥም ዋጋ አስከፈለ። በ1752 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥራዞች ታገዱ። በ1759 ደግሞ የማተሚያ ፈቃዱ ጨርሶ ተሰረዘ። ዳላምቤር ከአዘጋጅነት ወጣ፤ ሌሎችም ሸሹ። በዚህ ጊዜ ሸክሙን የተሸከመ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ሉዊ ደ ዦኩር ይባላል። በጄኔቭ፣ በካምብሪጅና በላይደን የተማረ ሐኪም ነው። ቀደም ሲል ብዙ ዓመት የደከመበት ስድስት ጥራዝ የሕክምና መዝገበ ቃላት ወደ አምስተርዳም ሲላክ ከነመርከቡ ባሕር ውስጥ ሰጥሞበታል። ይህ ሰው ከዚያ ሁሉ ኪሳራ በኋላ እንደገና ብዕር አነሣ። ወደ 17,000 የሚሆኑ ርእሶችን፣ ማለትም ከመዝገቡ ሩብ ያህሉን ጻፈ። ደመወዝ አልተቀበለም፤ እንዲያውም ለረዳት ጸሐፊዎቹ የሚከፍለውን ለማግኘት ቤቱን ሸጠ።

ዦኩር ከጻፋቸው መካከል ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረው ይገኝበታል። ከስኮትላንዳዊው የሕግ ሰው ከጆርጅ ዋላስ ሐሳብ ወስዶ፣ ሰውን መሸጥና መግዛት ሃይማኖትንም ግብረ ገብንም የተፈጥሮ ሕግንም እንደሚያፈርስ አመለከተ። ይህ በ1765 ጥራዝ ሲወጣ ፈረንሣይ በዚያው ንግድ ትበለጽግ ነበር። ጉዳዩ «ዋና ነው» ብሎ የወሰነ የመንግሥት ሸንጎ የለም። ሌሎች ሲነሡ ከጠረጴዛው ያልተነሣ አንድ ሰው ወሰነው።

ለ. የተቆጠሩት ወንበሮች

በ2001 ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የጀመሩት ዊኪፔዲያ ደግሞ ሥራውን በሙሉ ለበጎ ፈቃደኞች ሰጠ። የጥራዝና የቀለም ወጪ ስለሌለበት የርእሶቹ ቁጥር ገደብ የለውም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ከ6 ሚሊዮን አልፏል። ይሁን እንጂ ወረቀት ባይገድብም የሰው ጉልበት ይገድባል። ስለዚህ «አስቀድሞ በደንብ መጻፍ ያለበት የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ፈቃደኞቹ መልሱን በእርከን ከፋፈሉት። አንደኛው እርከን 10 ርእሶች ብቻ አሉት፤ ምድር፣ ሕይወት፣ ሰው፣ ሒሳብና የመሳሰሉት ናቸው። ሁለተኛው 100፣ ሦስተኛው 1,000፣ አራተኛው 10,000፣ አምስተኛው 50,000 ይይዛል። ከዚህም ሌላ በየትኛውም ቋንቋ የሚዘጋጅ ዊኪፔዲያ ሊኖሩት ይገባል የተባሉ የ1,000 ርእሶች ዝርዝር አለ።

እዚህ ላይ የትምህርት ዕቅዱ ችግር ተመልሶ ይመጣል። ዝርዝሩ ከሞላ በኋላ አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት ግድ ነው። አንድ ፈላስፋ ይግባ ሲባል የትኛው የሙዚቃ ሰው ይውጣ? በረሃ ከወንዝ፣ በሽታ ከመድኃኒት እንዴት ይመዘናል? ተከራካሪዎቹ ምክንያት ያቀርባሉ፤ ድምፅ ይሰጣሉ። ዲፕሎማ የሚጠይቃቸው የለም፤ የሚከፍላቸውም የለም። ይህ የሚደነቅ ነው። ሆኖም የሚመጣው ሰው ሁሉንም አይወክልም። ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ዝነኛ ሰዎች መካከልም ሴቶቹ ጥቂት ናቸው። በሩ ክፍት ቢሆንም ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የምትውል ሴት በበሩ ለመግባት ጊዜ የላትም።

ሐ. ጤፍ የት ገባ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አገራችን ከ1,000ዎቹ ርእሶች ውስጥ አለች። ቡናም አለ። ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ አሉ። ጤፍ ግን የለም።

ይህን በንቀት ብቻ መተርጎም ትክክል አይሆንም። ዝርዝሩ የሚለካው በዓለም ስፋት ነው፤ ስንዴና ሩዝ በሁሉም አህጉር ይበላሉ። ለሁሉም የሚሆን ዝርዝር ሲወጣ አንድ ሕዝብ ብቻ ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር መቅረቱ ከመለኪያው የሚመጣ ነው። አደጋው ያለው ዝርዝሩን የወሰደው ወገን መለኪያውንም አብሮ ሲወስድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊኪፔዲያዎች በዚያው የ1,000 ዝርዝር ነጥብ ይሰጣቸዋል። ከ10,000 ፊደል በታች የሆነ ጽሑፍ 1፣ እስከ 30,000 የሚደርስ 4፣ ከዚያ የሚበልጥ 9 ነጥብ ያገኛል። እንደ ቻይንኛ በጥቂት ምልክት ብዙ ለሚናገሩ ቋንቋዎች የሚስተካከልበት ስሌትም አለ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ በጠቅላላው ወደ 15,000 የሚጠጉ ርእሶች አሉት። ነጥብ ለመሰብሰብ ብቻ ቢሠራ፣ ስለ ሩቅ አገር ወንዝ ተርጉሞ ሲያስረዝም ስለ ጤፍ የሚጽፍ አያገኝም ማለት ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይህ ነው።

ስለ ሩዝ እኛ ባንጽፍ ሌላው ይጽፋል። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ለምን በከብት እንደሚረገጥ፣ በዐውድማ ላይ እንዴት እንደሚበራይ፣ ሊጡ አብሲት ካልገባበት እንጀራው ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ግን በዚህ ሰፈር ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሽማግሌና የተቀመጠችው እናት ናቸው። እዚህ የተወለደ ልጅ የሚያውቀው የራሽኑን የስንዴ ዱቄት ነው፤ ዐውድማ አላየም። ያ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ያለፈ እንደሆነ፣ ልጁ «ዐውድማ» የሚለውን ቃል ቢሰማ እንኳ የሚያስረዳው አይኖርም።

ስለሆነም ከዲድሮ የምንወስደው ወደ ባለሙያው ሄዶ መጠየቅን ነው። ከዦኩር የምንወስደው ደግሞ ሥራ ባሕር ቢገባም ዳግመኛ መጀመርን ነው። ከዛሬዎቹ ፈቃደኞች የምንወስደው የምርጫውን ምክንያት በአደባባይ ተከራክሮ መወሰንን ነው። የዓለሙን ዝርዝር ለልጆቻችን እናስተምር፤ ያስፈልጋቸዋልና። ከጎኑ ግን የራሳችንን እናውጣ።

የዚህች መጽሔት ገጾች በእጅ የሚገለበጡ ስለሆኑ ከ10 ርእስ በላይ አይችሉም። እኛ ጤፍን አንደኛ አድርገናል። ዘጠኙ ወንበሮች ባዶ ናቸው። እያንዳንዱ አንባቢ አንድ ርእስ፣ ከነምክንያቱ፣ ከሚያውቀውም ሰው ጠይቆ ያገኘውን ጽፎ ለሚቀጥለው እትም ያቅርብ። መጻፍ የማይችል ይናገር፤ እኛ እንጽፋለን።