ብኵርናና እርሻ፤ ከአየርላንድ መድረክ እስከ ቢታ ገነት

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለው የአገራችን ቃል፥ መሬት ለገበሬ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ይናገራል። ይህን ቃል ያወቀ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፥ ከአየርላንድ ገጠር የተነሡትን የኀዘን ቴአትሮች ለመረዳት ብዙ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ መሬት የቤተ ሰብ መኖሪያ መሆኑ ቀርቶ ቤተ ሰቡ የመሬት አገልጋይ ሲሆን ምን እንደሚደርስ ነው። ለዚህም ሁለት ምስክሮች እንጠራለን፤ አንደኛው የአየርላንድ መድረክ፥ ሁለተኛው የከፋ ምድር ታሪክ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1845 እስከ 1852 ዓ.ም. ድንች በበሽታ እየጠፋ አየርላንድን ታላቅ ረኀብ መታት። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። ከረኀቡ በፊት ብዙው አባት ማሳውን ለልጆቹ ይከፋፍል ነበር። ከረኀቡ በኋላ ግን መሬት መቈራረጥ ሞት መሆኑ ስለ ታየ፥ እርሻው ሳይከፈል ለአንድ ወንድ ልጅ እንዲተላለፍ ተለመደ። ከሴቶቹ ጥሎሽ የተገኘላት ትዳራለች፤ የቀሩት ወይ ሳያገቡ ይኖራሉ፥ ወይ ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። በ1879 የተቋቋመው የመሬት ማኅበር ባላባቶቹን ታገለ፤ በ1903 በወጣው ሕግም መንግሥት ገንዘብ እያበደረ ጭሰኛው መሬቱን እንዲገዛ አደረገ። ገበሬው ባለ መሬት ሆነ። ነገር ግን ከባላባቱ ደጅ የተነሣው ጠብ ወደ ገበሬው ምድጃ ገባ።

ይህን ጠብ ቶማስ ሙሬይ «ብኵርና» ብሎ በሰየመውና በ1910 በደብሊን በአቤይ ቴአትር በታየው ድርሰቱ አሳይቶአል። ባት ሞሪሲ የሚባል ገበሬ ሁለት ልጆች አሉት። ታላቁ ሂው፥ የእኛን የገና ጨዋታ በሚመስለው የአገሩ ጨዋታ የተመሰገነ ነው፤ ታናሹ ሼን ግን እርሻ ወዳድ ነው። በልማዱ መሠረት ወደ አሜሪካ የሚሄደው ታናሹ ነበርና ሣጥኑ ተዘጋጅቶ ስሙ ተጽፎበታል። አባትየው በታላቁ ስለ ተቈጣ የሼን ስም ተነሥቶ የሂው ስም በሣጥኑ ላይ እንዲጻፍ አደረገ። በዚያ ሌሊት ወንድማማቾቹ ተጣሉ፤ ሼንም በዚያው በጨዋታው ዱላ ወንድሙን ገደለው። የዔሳውንና የያዕቆብን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው የድርሰቱ ስም ብቻውን ብዙ ይነግረዋል። ልብ እንበል፤ አባትየው ሰይፍ አልመዘዘም፤ ስም ብቻ ለወጠ።

ጆን ኪን በ1965 ባቀረበው «እርሻው» በሚለው ቴአትር ደግሞ፥ «በሬው» የሚባለው ማኬብ ከአንዲት መበለት ተከራይቶ ያለማው ማሳ በጨረታ ሊሸጥ ሆነ። ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ሊገዛው ቢቀርብ ማኬብና ልጁ ደብድበው ገደሉት። መንደሩ ሁሉ እያወቀ ዝም አለ፤ ፖሊስም ቄስም ዝምታውን ሊሰብሩት አልቻሉም።

የከፋ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ አለው። በዚህ የመሬትን ሥርዐት ያናወጠው ረኀብ ሳይሆን ጦርነት ነው። ከፋ የራሱ ንጉሥ፥ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ጉባኤና በጥልቅ ጒድጓድ የታጠረ ወሰን ነበረው። ዱሩ እንኳ ያለ ባለቤት አልነበረም፤ ቀፎ ለመስቀልና ቡና ለመልቀም ኮቦ የሚባል የጫካ ድርሻ በልማድ ይታወቅ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘመተ፤ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ገባር ተብሎ ለወታደርና ለሹም ተደለደለ። አየርላንዳዊው አባት ከልጆቹ ማንን ላውርስ እያለ ሲጨነቅ፥ የከፋው አባት የቤተ ሰቡ ጒልበት ራሱ የሌላ ሰው ሆኖበት ነበር። ብዙ ሰውም በባርነት ተወሰደ ወይም አገሩን ለቆ ሸሸ።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ መድቦ በገንዘብ የሚከፈል ግብር ደነገገ፤ ጭሰኝነት ግን አልቀረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር፥ ማለትም ከሩብ ጋሻ፥ በላይ እንዳይሰጥ ወሰነ፤ መሸጥና መለወጥንም ከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ ክልከላ አጸና። ስለዚህ የማኬብን ማሳ የመሰለ የገጠር መሬት ዛሬ በቢታ ገነት ገበያ በጨረታ አይሸጥም።

ታዲያ ሕጉ ኀዘኑን ሁሉ አስቀርቶታልን? አላስቀረውም። የኪን ቴአትር መንገድ ቢዘጋበትም፥ የሙሬይ ቴአትር ግን ዛሬም ሊደርስ ይችላል። መሬት ባይሸጥም ይወረሳል፤ ልጆች ይበዛሉ፥ ማሳው ግን አይሰፋም። በከፋም ዱሩን እየመነጠሩ መስፋት አገርን ማጥፋት ነው፤ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ደን በዓለም የተጠበቁ የሕይወት ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታልና። ወላጅ እንሰቱንና ቡናውን ለአንዱ ልጅ ሲያስብ፥ ሌላው «እኔስ?» ማለቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ነው የመንግሥት ሠራተኛና የአስተማሪ ተግባር የሚጀመረው። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ስም የሚጽፍ ሰው፥ ባት ሞሪሲ በሣጥኑ ላይ እንዳስጻፈው ስም ያለ ከባድ ነገር በእጁ ይዞአል። የሚስት ስም ከባል ስም ጋር በትክክል ቢጻፍ፥ የሙት ልጅ ስም ባይዘለል፥ ወሰኑ ሽማግሌና ጎረቤት ባሉበት ቢለካ፥ ብዙ ዱላ ሳይነሣ ይቀራል። አስተማሪም መሬት ለማይደርሰው ልጅ ሌላ ሙያ ቢያስጨብጠው፥ ከአባቱ ቤት መውጣቱ ስደት ሳይሆን ሥራ ፍለጋ ይሆንለታል።

የአየርላንድ ደራስያን መሬትን መውደድ ኀጢአት ነው አላሉም። ያሳዩን፥ ሌላ ተስፋ በሌለበት ቤት ውስጥ አንድ ማሳ ከወንድም ሊበልጥ መቻሉን ነው። ስለዚህ የመሬትን ሕግ ማስተካከል ግማሹ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን በየቤቱ ያለው ልጅ ከማሳው ሌላ የሚጨብጠው ተስፋ እንዲኖረው ማድረግ ነው።