ሃምሳኛው ቀንና የቃርሚያ ሕግ



ሙያዬ ሂሳብ ስለሆነ መጽሐፍ ሳነብ ቁጥር ካጋጠመኝ ሳልቆጥር አላልፍም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ቁጥር ሃምሳ ነው። በዓለ ሃምሳ ወይም ጰራቅሊጦስ የምንለው ቀን ከክርስትና ጋር የተጀመረ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው የነበሩት ግን አይሁድ ከጥንት ጀምሮ ሲያከብሩት በኖሩት በዓል ቀን ነው። በዕብራይስጥ ሻቩዖት ይባላል፤ ሳምንታት ማለት ነው። በግሪክ ጰንጠቆስጤ ሲባል ሃምሳኛ ማለት ነው።

የበዓሉ ሥርዓት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ይገኛል። በፋሲካ ሰሞን የመጀመሪያው ነዶ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ሰባት ሙሉ ሳምንት ይቆጠራል። ሰባት ጊዜ ሰባት 49፣ ማግስቱ 50 ነው። ቆጠራው ገብሱ ሲደርስ ይጀመርና የስንዴው አጨዳ ላይ ያበቃል።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም መነሻው አከራክሯል። ሕጉ ከሰንበት ማግስት እንዲቆጠር ያዝዛል፤ ግን የትኛው ሰንበት? ፈሪሳውያን የፋሲካው የመጀመሪያ ቀን ነው አሉ፤ ሰዱቃውያን ቅዳሜ ነው አሉ። የአገራችን ቤተ እስራኤል ደግሞ የፋሲካው ሰባት ቀን ካለቀ በኋላ ቆጥረው በሦስተኛው ወር በ12ኛው ቀን ያከብሩት ነበር። ስሙንም ማእረር ይሉታል፤ መከር ማለት ነው። ክርስቲያኖች የምንቆጥረው የትንሣኤን ዕለት አንድ ብለን ስለሆነ ሃምሳኛው ቀን ሁልጊዜ እሑድ ይውላል።

የጥንት ክርስቲያኖች በዓሉን ሲወርሱ ትርጉም ጨመሩበት እንጂ የቀድሞውን አልጣሉትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከሙታን የተነሣውን ክርስቶስን በኩራት ይለዋል። የፋሲካው ነዶ የትንሣኤ ምሳሌ ከሆነ፣ ሃምሳኛው ቀን የሚሰበሰበው መከር ደግሞ ያመነው ሕዝብ ነው። በዚያ ቀን በቤተ መቅደስ የሚቀርቡት ሁለት እንጀራዎች እንደ ፋሲካው ቂጣ ሳይሆኑ እርሾ የገባባቸው ነበሩ። አንዳንድ ተርጓሚዎች እነዚህን ሁለት እንጀራዎች አይሁድና አሕዛብ በአንድ መሠዊያ ፊት የመቅረባቸው ምሳሌ አድርገው ተረድተዋቸዋል።

በአይሁድ ትውፊት ይህ ቀን ሕጉ በሲና የተሰጠበት መታሰቢያም ነው። ክርስቲያኖች ታዲያ ሁለቱን ያስተያያሉ፦ በሲና ሕጉ በድንጋይ ተጻፈ፣ በኢየሩሳሌም በመንፈስ ቅዱስ በልብ ተጻፈ። በሲና በወርቁ ጥጃ ምክንያት ወደ 3,000 ሰው ሞተ፤ በጴጥሮስ ስብከት ቀን ወደ 3,000 ሰው ተጠመቀ።

በዓሉ ቶሎ ሥርዓት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ በሃምሳው ቀናት ተንበርክኮ መጸለይን ከለከለ፤ ወቅቱ የደስታ ነውና። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ በበዓሉ ማግስት ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ኤጌርያ የተባለች ተሳላሚ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ኢየሩሳሌም ደርሳ ያየችውን ለአገሯ እህቶች ጽፋለች። ሕዝቡ በዚያ ቀን ወደ ጽዮን እንደሚሄድ፣ ደብረ ዘይት እንደሚወጣ፣ ሌሊትም መብራት ይዞ እንደሚመለስ የምናውቀው በዚህች ሴት ደብዳቤ ነው።

ለእኛ ለማኅበርተኞች ግን ትልቁ ቁም ነገር ከበዓሉ ሕግ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ትእዛዝ ናት። ባለ እርሻው የማሳውን ዳር ጠርጎ አይጨድ፤ ቃርሚያውንም ለድኻና ለመጻተኛ ይተው ይላል። አይሁድ በዚህ በዓል መጽሐፈ ሩትን ያነባሉ። ሩት ባሏ የሞተባት፣ አገሯን ትታ የመጣች ሞዓባዊት ናት። ከገብሱ አጨዳ እስከ ስንዴው አጨዳ እየቃረመች ራሷንና አማቷን ኑኃሚንን መገበች። የማቴዎስ ወንጌልም በክርስቶስ የዘር ሐረግ ውስጥ በስሟ ይጠራታል።

ቃርሚያ ልመና አይደለም። ባለ እርሻው የማይነካው ድርሻ ነው፤ ቃራሚዋም ጎንበስ ብላ በገዛ ጉልበቷ ትሰበስባለች። ከበዓለ ሃምሳ በኋላ የተሰበሰቡት ምእመናንም ያላቸውን በአንድነት ያደርጉ ነበር። ሆኖም ብዙም ሳይቆይ ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች ከዕለቱ ምግብ ድርሻቸው ቀረ። ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑትም፤ እስጢፋኖስን ጨምሮ የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች ለማዕዱ ተሾሙ። መንፈስ በወረደበት ጉባኤም ቢሆን ማን ደረሰው፣ ማንን ዘለልነው ብሎ መቁጠር አስፈልጓል።

አንዳንድ እህቶቻችን ከማኅበሩ ብድር ለመጠየቅ ሲመጡ አንገታቸውን ይደፋሉ። መድፋት የለባቸውም። የምንቆጥበው ብርና ደጋፊዎቻችን የሚጨምሩት የማሳው ዳር ነው፤ የሚሰበስበው ግን የእነሱ ክንድ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ዳሩ እንዳይታጨድ፣ በመዝገቡ ላይም ስሟ የተዘለለ መበለት እንዳትኖር መጠበቅ ነው። እምነታችን ቢለያይም በዚህ ላይ እንስማማለን ብዬ አምናለሁ።